እህቴ የተነሣችበት ወንበር

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄን ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው ትምህርት ቤቷ ሳደርስ፣ አንዲት ዓይነ ስውር ልጅ የጓደኛዋን ክንድ ይዛ እየሳቀች ስትገባ አየሁ። ጡረታ የወጣው የድሮ ዳይሬክተራችን በሩ ላይ ቆሞ ለወላጆች፣ «ዓይነ ስውሩን ከዓይናማው ጋር ማስተማር፣ ይህ አካቶ ትምህርት፣ ድሮም የእኔ ሐሳብ ነበር» ይላል። ከጣና በኩል የእርጥብ ደንገል ሽታ መጣ። እህቴ ከክፍል የተነሣችበት ቀንም እንዲሁ ይሸት ነበር።

ታናሽ እህቴ አታይም። ልጆች ሳለን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ትቀመጥና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን በሹክሹክታ እነግራት ነበር። ዳይሬክተሩ «ክፍሉን ረበሻችሁ» ብሎ አባታችንን አስጠራ። አባቴም ዓይነ ስውር ነበሩ፤ የደሴት ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ ለእሷ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻላታል» አላቸው።

«እኔን የኔታ ከዓይናሞቹ ለይተው አላስቀመጡኝም» አሉ አባቴ። «ዜማ ስንስት የሁላችንንም ጆሮ እኩል ነበር የሚቆነጥጡት።»

«ይህ እኮ የቆሎ ተማሪ ጎጆ አይደለም» ብሎ ሳቀ። ከዚያም ወንበሩን የጨበጡ የእህቴን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀ።

እህቴ በሄደችበት አዳሪ ትምህርት ቤት ብሬይል ተማረች፤ መምህርት ሆነች፤ እዚያው ቀረች። ለአባታችን ቀብር እንኳ አልደረሰችም። ስደውልላት፣ «ተይው፣ ማንበብ የቻልሁት እዚያ ነው፤ እኔ ይቅር ብየዋለሁ» ትለኛለች።

ዛሬ ዳይሬክተሩ አየኝና እጁን ዘረጋ። «እህትሽ ደኅና ናት? አየሽ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃኋት።»

እጄን ከነጠላየ ሳላወጣ፣ ወላጆቹ እየሰሙ፣ «ጣቶቿን ያላቀቁት በዚህ እጅ ነበር?» አልሁት።

የዘረጋውን እጅ ኪሱ ከተተ። ደስ አለኝ፤ አልጠገብሁም እንጂ።