እናቴ ጋምበሪ ስትልጥ

ያን ቀን ፒያሳ የሄድነው የእናቴን መነጽር ለማሠራት ነበር። የዓይን ሞራዋ ከተገፈፈ በኋላ ሐኪሙ አዲስ መነጽር አዘዘላት፤ እሷ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሠራላት ሰውዬ ውጭ ለማንም ዓይኔን አልሰጥም አለች። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። አልሰጥም ካለች አትሰጥም። አፍንጮ በር ካለው ቤቷ በታክሲ ይዣት ወረድኩ።

እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚያው አፍንጮ በር ነው። የመጀመሪያ ጫማዬ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ፣ የሠርጌ ቀለበት ሁሉ ከፒያሳ ነው የተገዛው። ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ ብዬ የምምልበት ሰፈር ነበር። ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ከከተማው ዳር ከገባሁ ወዲህ ግን እግሬ አጥሯል፤ መንገዱ ከሰፋ በኋላ ወርጄ በደንብ አላየሁትም ነበር። ያን ቀን ዓይኔን ገልጬ ጠፋሁ። በልጅነቴ የምታጠፍባቸው ማዕዘኖች የሉም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፣ የብስክሌት መንገድ አለ፣ አበባ አለ፣ አንድ ዓይነት የመብራት ምሰሶ ተደርድሯል፤ መነጽር ቤቱ የነበረበት ግድግዳ ግን የለም። ቆሜ ስዞር ቆየሁ።

ሰው ጠየቅን። አንዱ ጥበቃ ሽቅብ ውጡ አለን። አንድ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ ቁልቁል ውረዱ አለን። ሦስተኛው ሰው የጠበቃ ቢሮ ጠፍቶበት ኖሮ፣ እኛ ሳንጠይቀው እሱ ጠየቀን።

"ልጄ፣ እግሬ እንቢ አለ" አለች እናቴ። መልስ ሳትጠብቅ ክንዴን ለቀቀችና ሰማያዊ ቀለም ከተቀባ መኪና አጠገብ የተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

የመኪናው ጎን ወደ ላይ ተከፍቶ መስኮት ሆኗል። ውስጡ ሽርጥ የታጠቀ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ወጣት ቆሞ ይጠብሳል። የሰው ወንበር ይዞ ዝም ማለት ነውር ነውና ሻይ ልዘዝ ብዬ ጠጋ አልኩ።

"ሻይ የለንም እህቴ። የባሕር ምግብ ብቻ ነው" አለኝ።

"የባሕር?"

"የባሕር። አሳ አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ቅይጡን ልስጥሽ? ከሁሉም ትቀምሻለሽ።"

ቅይጥ ማለት ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩት። ከኋላዬ ከአራት ኪሎ የመጡ የሚመስሉ ተማሪዎች ተሰልፈው ስለነበር ብዙ መጠየቅ አሳፈረኝ።

"ማዘርስ ምን ልስጣቸው?"

"ለሷ ውኃ ይበቃታል።"

እናቴን ስለማውቃት ነው እንዲህ ያልኩት፤ ወይም የማውቃት ስለመሰለኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት እንኳን አፏ ውስጥ፣ ቤቷም አይገባም። ቢላዋ ለሰው ስታውስ ምን ሊቆረጥበት እንደሆነ ሳትጠይቅ አትሰጥም።

ሳህኑ መጣ። አሳውን ለየሁት፤ ሌላውን ግን አላወቅኩትም። ቀለበት ቀለበት የሆነ ጥብስ ነበር፤ ሽንኩርት ነው ብዬ አንዱን አፌ ውስጥ ጨመርኩ። አኘክሁ። አኘክሁ። እሱ ግን እንደነበረ ነው። ልውጠው አልቻልኩም፣ ልተፋው ሰው አለ፤ በመጨረሻ በሶፍት ሸሽጌ አወጣሁት። ከሱ ጎን ደግሞ ስድስት ቀያይ ነገሮች ተጋድመዋል፤ ጢም አላቸው፣ ብዙ እግር አላቸው፣ ጥቁር ዓይናቸው እኔን ያያል። ፌንጣ ይመስላሉ እንዳልል በጣም ትልልቅ ናቸው። አንዱን በሹካ ስወጋው ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከጎናችን የተቀመጠች ተማሪ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እልህ ያዘኝና የወደቀውን አንስቼ እንዳለ ነከስኩት። ቅርፊቱ ድዴን ወጋኝ።

"ቆይ!" አለች እናቴ። "ከነቅርፊቱ አይበላም። አምጪው።"

ከእጄ ወሰደችው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። በአንድ እጇ ጭንቅላቱን፣ በሌላው ሰውነቱን ይዛ ጠምዘዝ ስታደርገው ተለያየ። አውራ ጣቷን ከሆዱ በኩል ሰደደች፤ እግሮቹና ቅርፊቱ አንድ ላይ እንደ ልብስ ወለቁ። በጥፍሯ ጀርባውን ሰንጠቅ አድርጋ ጥቁር ክር የመሰለ ነገር ሳበችና ጣለች። ከዚያ ነጩን ሥጋ ሳህኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወደ እጇ አላየችም፤ መንገዱን ነበር የምታየው።

ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን።

"ጋምበሪው በረዶ ውስጥ ከርሟል" አለች ለራሷ ያህል። "ቅርፊቱ ሥጋውን ይዞታል፤ አይለቅም።"

ወጣቱ ሰምቷት ኖሮ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። "ማዘር፣ ጋምበሪ አሉ? እዚህ የሚመጣው ሁሉ ሽሪምፕ ነው የሚለው። ልክ ነዎት፣ ከጅቡቲ በበረዶ ነው የሚመጣልኝ። ሙያውን ጅቡቲ ነው የተማርኩት። እርስዎ የት ያውቁታል?"

"አሰብ" አለች እናቴ።

መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። እናቴ መዘባረቅ ጀመረች ብዬ ነበር የደነገጥኩት። እናቴ ደሴ ተወለደች፣ ደሴ አገባች፣ ከአባቴ ጋር አዲስ አበባ መጣች፤ የምናውቀው ይህንን ነው። አሰብ የሚባል ነገር በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ጠጋ አልኳትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

"እማዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። "ሐሙስ ነው። ምነው፣ ያበድኩ መሰለሽ?"

"የለም፣ እንዲያው..."

"ሐሙስ ነው። መነጽር ልናሠራ መጥተን ሰውዬውን አጥተነዋል። አንቺ ደግሞ ጋምበሪ መብላት አቅቶሻል። ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?"

ነበር እንጂ! ግን ከየት እንደምጀምር አላወቅኩም። እሷ ራሷ እየላጠች ነገረችኝ፤ የትናንት ገበያ ውሎ የምታወራ ይመስል።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አያቴ ሚስቱ ለሞተችበት ነጋዴ ሊድሯት ቃል ሰጡ። "ትልቁ ልጁ ከኔ ይበልጥ ነበር" አለች። በዚያው ሰሞን አሰብ የምትኖር የእናቷ ጓደኛ ለለቅሶ ደሴ መጣች። ስትመለስ እናቴ ተከትላት ጠፋች፤ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና፣ በባቲ አድርገው። አሰብ ላይ ሴትዮዋ የምትሠራው የነዳጅ ማጣሪያው ፈረንጆች የሚያርፉበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። እናቴንም እዚያው አስገባቻት። ሥራዋ ጋምበሪ መላጥ ነበር።

"ቀኑን ሙሉ?"

"ከማለዳ እስከ ምሳ። እሾሁ ጣቴን ይወጋዋል፣ ጨው ውኃው ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ማታ ሙቀቱ አያስተኛም፤ አንሶላ ነክረን ጣሪያ ላይ ነበር የምንተኛው። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው አባትሽ የመጣው።"

"አባዬ አሰብ?"

"ጉምሩክ ልኮት ነዋ። የመመገቢያው አዳራሽ ለፈረንጆች ስለሆነ እሱ ወጥ ቤት ገብቶ ይበላል። አንድ ቀን ሁለት ጋምበሪ ልጬ ሰጠሁት። እንዳይከፋኝ ብሎ ዋጠ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲያስመልስ ሰማሁት። አፉን ጠርጎ ተመለሰና 'በጣም ጥሩ ነው' አለኝ።" ሳቀች፤ የተላጠው ጋምበሪ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "እንዲህ ያለ ሰው አይጎዳኝም አልኩ።"

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲያስመልስ ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ክራቫት ሳያስር ወደ ሱቅ እንኳ የማይወጣ ሰው ነበር።

ነገሩ እየቆየ እየተወሳሰበብኝ ሄደ። አባቴ ደሴ ሽማግሌ ልኮ አያቴን አስታረቃቸው፤ ሠርጉ እዚያው ሆነ። አያቴ ግን ልጃቸው የጠፋች ጊዜ ለጎረቤት "አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ልኬያታለሁ" ብለው አስወርተው ነበር። ያ ወሬ እንዳይበላሽ ሁሉም ዝም አለ፤ ዝምታው እኛ ተወልደን፣ አያቴም አልፈው ቀጠለ።

"ታዲያ ሳሎን ያለው ፎቶ?" አልኳት። እናትና አባቴ ወጣት ሆነው፣ ከኋላቸው ውኃ ተንጣሎ የሚታይበት ፎቶ አለ። ከጋብቻቸው በኋላ ሐይቅ ሄደው የተነሱት ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ለልጆቼም እንዲያ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።

"እሱማ ባሕሩ ነው" አለች። "ሳንጋባ የተነሳነው ነው። ታዲያ ለአያትሽ ምን ልበላቸው? ሐይቅ ነው አልን።"

ስድስቱም ተልጠው ሳህኔ ላይ ተደርድረዋል። ቀመስኩ። ይጣፍጥ አይጣፍጥ መናገር አልችልም፤ ምላሴ ከኔ ጋር አልነበረም።

"አንቺስ ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?"

"በየቀኑ ነዋ! ምን ልብላ ታዲያ? እንጀራ የምናገኘው በሳምንት አንዴ ነው።"

"እማዬ! አንቺ? ክንፍና ቅርፊት ስትይ የኖርሽው?"

"አዲስ አበባ እንደገባሁ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። አርባ ቀን ጾም ከስግደት ጋር ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ዛሬ ብበላ ደግሞ እንደ አዲስ ልሰግድ ነው? ጉልበቴ የታለ?"

"ይጥም ነበር?"

ወዲያ ወዲህ አየች። "እንዴታ!" አለች፣ ቀስ ብላ።

ወጣቱን ጠርታ ሎሚ እንዲሰጣት ጠየቀችው። ግማሽ ሎሚ ጣቶቿ ላይ ጨምቃ፣ እያንዳንዱን ጥፍሯን ፈትጋ፣ ባዘዝኩላት ውኃ ታጠበች። ወጣቱ መስኮቱን ተደግፎ ሲያያት ቆየ። "ማዘር፣ ሌላ ጊዜ መጥተው ያስተምሩኝ" አላት። "አንተ በረዶውን ተው፣ እኔ እመጣለሁ" አለችው። መነጽር ቤቱ ወደ ቸርችል ጎዳና መውረዱን የነገረን እሱ ነው። ሄድን፤ ሰውዬውም ነበር፤ ዓይኗን ለካላት። እኔ ግን ሰውዬው የሚናገረውን አንድም አልሰማሁም።

ማታ ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ አዳማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "ዛሬ የሰማሁትን ብነግርህ አታምንም" ብዬ ጀመርኩ። አሰብ የሚለውን ቃል እንደጠራሁ፣

"አዎ፣ የፈረንጆቹ ማረፊያ ቤት" አለኝ።

"ታውቃለህ?"

"ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የጂኦግራፊ ካርታ ስስል ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኳት። አዎ አለች። ከዚያ የት ነው አልኳት፣ ነገረችኝ። አንቺ የምታውቂ ነበር የመሰለኝ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ተናድጄ ነበር? አዝኜ ነበር? አሁንም አልለየሁትም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲትን ሴት እማዬ ስል ኖሬ፣ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ ማለት እንዴት ሳይመጣልኝ ቀረ?

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሄጄ ጠየቅኳት። "ለሱ ነግረሽው ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሱ ጠየቀኛ" አለች፣ ሽሮ እያማሰለች። "አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታውቂ ነው የሚመስልሽ።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እጠይቃታለሁ። መልሶቿ እርስ በርስ አይገጥሙም። ወስዳ ወጥ ቤቱ ያስገባቻት ሴትዮ አንዴ የእናቷ ጓደኛ፣ አንዴ የሥጋ ዘመድ ትሆናለች። በጭነት መኪናው አንድ ቀን ሄድን ትላለች፣ ሌላ ቅዳሜ ሦስት ቀን ይሆናል። ሳርማት ትቆጣለች፤ ዝም ስላት ደግሞ ራሷ ትጨምራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ምኑ ነው የሚናፍቅሽ አልኳት። ማማሰያውን ይዛ አሰበች።

"ማለዳ ከሁሉም ቀድሜ እነሳና ባሕሩ ዳር ሄጄ እግሬን እነክር ነበር" አለች። "እስከ አንድ ሰዓት የሚጠራኝ የለም።"

ያቺን ልጅ ላያት ሞከርኩ። የመጣችልኝ ግን ይህቺው የማውቃት እናቴ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ቀጥዬ ምን ብዬ እንደምጠይቃት አላወቅኩም። እሷም ሽሮው እንዳያርር ወደ ምድጃው ዞረች።