መሐላ ያቋረጠችው ጥንዚዛ

ባለፈው እሑድ ጠዋት... ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ይመር ቤት ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ላይ ለሽምግልና ተቀምጠናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘነበች ከጎረቤቷ ከይመር የዘር ድንች ገዛች። ደርሶ ስትቆፍረው ግማሹ በወስፌ የተወጋ ይመስል ተበሳስቷል። «እያወቀ የታመመ ዘር ሰጠኝ» አለች። ይመር አላደረግሁም አለ። እሷ ደግሞ ካልማለልኝ አለች።

የዘነበች ልጅ ለይመር ልጅ ታጭታለች። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚጋባ ቤተሰብ አይማማልም። አንዱ ሌላውን ካስማለ፣ እውነትም ይሁን ውሸት፣ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው።

ታላቃችን አባ ሰይድ ደጋግመው ለመኗት።

«ልጄ፣ መሐላ እሳት ነው። ይቅርብሽ።»

«ይማል፣ አባ።»

ድንቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ መጥታ ኖሮ ለማስረጃ መካከላችን ዘረገፈችው። አብራ አንዲት ቀጠን ያለች ጥቁር ጥንዚዛ ወደቀች። በጀርባዋ ተጋድማ፣ እግሯን ሰብስባ... የሞተች ትመስላለች።

ይመር ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «ይሄ ዘር መታመሙን እያወቅሁ ሰጥቼ ከሆነ...»

ቀጭ!

ጥንዚዛዋ ተስፈንጥራ ጋቢው ላይ አረፈች። ይመር ደንግጦ ቃሉን ዋጠው።

«ይቺ ሞታ አልነበር?» አሉ አባ ሰይድ። ከጋቢው ላይ አንሥተው መሬት ላይ ገለበጧት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቀጭ... ዘለለች። «አጃኢብ ነው። እግሯን እንኳ አላነሣችም።»

እኔም ገለበጥኋት። ደረቷ ሥር እሾህ መሳይ ነገር አለ፤ እሱ ከተያዘበት ጠርዝ አፈትልኮ ወደ ጎድጓዳ ማረፊያው ሲገባ ነው ጥንዚዛዋ የምትጮኸውም የምትዘለውም። ሽማግሌው ሁሉ መሐላውን ረስቶ በየተራ ጥንዚዛ ይገለብጥ ጀመር።

ስለ እነዚህ ጥንዚዛዎች አንድ ሰሞን ስልኬ ላይ ሳነብ ነበርና የማውቀውን ነገርኳቸው። የሌሉበት አገር ጥቂት ነው፤ ዓይነታቸው በሺህ ይቆጠራል። ጀርባቸው ላይ ትልልቅ የውሸት ዓይን ያላቸው አሉ። አረንጓዴ ሆነው እንደ ብረት የሚያብረቀርቁ አሉ። አሜሪካ በኩል ባሉት ሞቃት አገሮች ደግሞ ትከሻቸው ላይ ሁለት መብራት የሚያበሩ አሉ።

«ፍሬቻ ነዋ» አለ ይመር።

ዘነበች አልሣቀችም። «የኛዋስ? የኛዋ ምን ታደርጋለች?»

አንዱን ድንች ሰነጠቅሁት። ውስጡ እንደ ሽቦ ጠጠር ያለ ቢጫ ትል ተኝቷል።

«የዚህች ይሁን የሌላ እህቷ አላውቅም፤ ልጆቻቸው ግን እንዲህ ያሉ ናቸው። ሣር ሥር ዓመታት ይኖራሉ። ሣሩ ታርሶ ድንች ሲተከልበት ድንቹን ይበላሉ።»

ዘነበች ድንቹን የተከለችው እስከ አምና ግጦሽ የነበረ መሬት ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«እንግዲያ መሐላው ይቅር» አለች ቀስ ብላ።

«አይቀርም» አለ ይመር። «በየገበያው ሌባ ስትይኝ ከርመሽ? አሁንማ እኔ ራሴ ነኝ መማል የምፈልገው።» እጁን እንደገና ዘረጋ። አባ ሰይድ ክንዱን ያዙት።

በእኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። ዘነበች ድንጋይ ፍለጋ ዞር ዞር ብላ አየች። ሜዳው ሣር ብቻ ነው። ተንበርክካ የተዘረገፈውን ድንች ወደ ከረጢቱ መለሰችው። ከረጢቱን ማጅራቷ ላይ ጭና ይመር ፊት አጎነበሰች።

እሱ አባ ሰይድ የያዙትን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አውርጂው» አለ በመጨረሻ። «ወገብሽ ተቆርጦ ጥር ላይ ማን ሊጨፍር ነው?»

አባ ሰይድ ዱአ አደረጉ፣ እኛም አሜን አልን።

ሠርጉ ላይ ድንች ወጥ እንዳይቀርብ ግን ሁለቱ ያለ ሽማግሌ ተስማሙ።