የመምህር ኤጄታ የዝናብ ቃል

መምህር ኤጄታ አምቦ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የክፍላቸው ጣራ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስለነበር ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ድምፃቸው ይዋጥ ነበር። ሌላው መምህር እጁን አጣጥፎ እስኪያባራ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ጠመኔ ያነሱና አንድ ቃል ከነዘር ማንዘሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። መጀመሪያ የሚጽፉት ሁሌም ያንኑ የጣራውን ቃል ነበር፦ «ኮራጌትድ»። ሥሩ ላቲን ነው። «ሩጋ» የፊት መጨማደድ፣ ከቃሉ መጀመሪያ የገባችው «ኮር» ደግሞ አንድ ላይ ማለት ናት። ሮማውያን ግንባሩን ለቋጠረ ሰው ያሉትን እንግሊዞች ወስደው ቦይ ቦይ ላለው ቆርቆሮ ሰጡት። ልጆቹ ጣራውን፣ ቀጥለውም የመምህሩን ግንባር እያዩ ይስቃሉ። ሳቃቸውም አይሰማም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፍቅርተ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። አንዲት ልጃቸው ሃዊ ኑሮዋ ድሬዳዋ ነው፤ እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። «ብቸኝነቱ እንዴት ነው?» ስትላቸው የቃል ታሪክ ይጀምሩላታል። መቼስ አስተማሪ መደበቂያ አያጣም! ኩራቴ ራቴ የሚሉ ሰው ናቸውና ከቀብሩ ወዲህ አንድም ቀን ነይ ብለዋት አያውቁም።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ግን አንጀታቸው አልችል አለ። ለበዓሉ እንድትመጣ ሊለምኗት ቆርጠው ስልኩን አነሱ።

«አካም ጅርታ አባኮ? ደህና ነህ?» አለች ሃዊ፣ እንደ ወትሮዋ በኦሮምኛ «አባቴ» ብላ።

«ደህና ነኝ። ያ ኮራጌትድ ያልኩሽ ቃል፣ ሥሩ እኮ...»

«እሱን አምናም ነግረኸኛል። ምሳ በላህ ወይ?»

ይህን ጊዜ ዝናቡ የቤቱ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ተለቀቀ። «አባኮ፣ ምንም አይሰማኝም!» ስትል ልባቸው ደፈረ። የማይሰማን ሰው ምን ያስፈራል? ስልኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው ጮኹ።

«ነይልኝ ልጄ! እናትሽ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር ማዕድ ቀርቤ አላውቅም! ብቻዬን ነኝ!»

ዝናቡ ድንገት ቀጥ አለ። የመጨረሻዋ ቃል ጸጥ ባለው ቤት ውስጥ ጎልታ ወጣች። መምህር ኤጄታ በኀፍረት ተሸማቀቁ።

«አባኮ፣ ምን አልከኝ? እስቲ ድገምልኝ» አለች ሃዊ ቀስ ብላ። መስማቷን ከድምፅዋ ዐወቁ።

«ዝናቡ አባራ ነው ያልኩሽ» አሏት።