አብረን የጠጣነው ማስረጃ

የያዙኝ በበሶ ነው። ሞላሌ ከተማ አክስቴ ዘንድ ልከርም ስሄድ ኬላው ላይ ወታደሮች ዘንቢሌን ፈተሹ፤ አንድ ከረጢት በሶ ወጣ። «የታጣቂ ስንቅ ነው» አሉ። ስንቅስ ስንቅ ነው፤ ግን የራሴ ነበር።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ብርዱ ከሲሚንቶው ወደ ላይ ይመጣል፤ ጥጋጥጉ ገና የገብስ ገለባ ይሸታል። ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ነበሩ፤ በልጃቸው ሰበብ የተያዙ አንዲት አሮጊት የቄስ ሚስትና አንዲት ጠላ ሻጭ።

ምሳ መጣ፤ በርበሬ የበዛበት ሽሮ፣ በአንድ ትሪ። እኔ ጥግ ይዤ ቀረሁ።

«ምነው፣ ተጸየፍሽን?» አለች ጠላ ሻጯ።

«አፌ ቆስሎ ነው።»

አሮጊቷ አገጬን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩኝ። ከንፈሬ አብጦ ግራና ቀኙ ተሰንጥቋል፤ ድዴንና ጉንጬን ከውስጥ ነጫጭ ቁስል ሞልቶታል። ሆዴንም ቁርጠትና ተቅማጥ ከያዘኝ ከርሟል፤ እሱን ግን አፍሬ ዝም አልኩ።

«እንጥልሽ ወርዶ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ጠላ ሻጯ ትሪውን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «የሚጋባ ቢሆንስ?»

አሮጊቷ ግን ከሚጠጡት ውሃ ቀንሰው፣ እንጀራውን ከወጡ አጥበው አጎረሱኝ። ያም ሆኖ አቃጠለኝ። ሁለተኛውን ጉርሻ መዋጥ አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። በሶዬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ስሙ «ኤግዚቢት»፣ የወንጀል ማስረጃ፣ ሆኗል።

«ለማን ልታደርሺው ነው?»

«ለራሴ ነው። አፌ ከበሶ ሌላ አልቀበል ብሎኛል።»

«እንግዲያው እዚሁ በጥብጠሽ ጠጪው፤ ልይሽ።»

ኩባያና ውሃ አስመጣ። በጠበጥኩ። ርቦኛል። ግን ሴቶቹ እዚያ መጋዘን ቁጭ ብለው እኔ ብቻዬን? በእኛ አገር ነውር ነው።

«ከሴቶቹ ጋር ነው የምጠጣው» አልኩ።

ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። እሱም የደከመው ይመስለኛል። «አንሺና ነይ» ብሎ ከረጢቱን አሸከመኝ፤ ተከትሎኝም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ኩባያውን ለአሮጊቷ ሰጠሁ። «አንቺ ቅመሺ መጀመሪያ» አሉኝ። ጠጣሁ፤ ቅዝቃዜው ቁስሌን እያበረደ ወረደ። ከዚያ ከንፈሬ የነካውን ጠርዝ በነጠላዬ መጥረግ ጀመርኩ።

«ምን ታሽሞነሙኛለሽ፣ አምጪው!» አለች ጠላ ሻጯ። ቀምታኝ በዚያው በኩል ጠጣች።

ከረጢቱ እስኪራገፍ ተቀባበልን። በማግስቱ ማስረጃ የለም ተብዬ ተፈታሁ። ሁለቱ ቀሩ።

በኋላ ሆስፒታል ተመረመርኩ። በሽታው አንጀቴ ላይ ነው፤ አፌ ቀድሞ ተናግሮ ኖሯል። ዛሬም እየሄደ ይመለሳል፤ በሶዬንም አልተውኩ።

ሐኪሟ «አይጋባም» ስትለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ጠላ ሻጯ ናት። ይህን ሳታውቅ ነበር የጠጣችው።