በአምናው ዋጋ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «መቀስ» የሚላት ለእጇ ብቻ ሳይሆን ለምላሷም ነው።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የሁለት መቶ ዩኒፎርም ውል በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው፣ ቀብድ ያለበትን ፖስታ አጠገቡ አስቀምጠው፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። ዋጋው እንዳምናው ነው፤ አንዱ ስድስት መቶ። ባሏ ከኋላዋ ቆሞ «ፈርሚ እንጂ! ሲሳይ በር ሲያንኳኳ ማን ይዘጋል?» ብሎ ያንሾካሹካል።

እስክሪብቶውን ስታነሳ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ። አምና በርካሽ ካከማቸችው ጨርቅ የቀረው አንድ ጥቅል ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ «አተረፍኩ» ስትል የኖረችው በዚያ ጨርቅ ነበር።

ጠመኔዋን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች። ለአንድ ዩኒፎርም የሚሆን ጨርቅ በዛሬ ገበያ አምስት መቶ ሰማንያ፤ ክርና ቁልፍ አርባ። ስድስት መቶ ሃያ! ኪራዩና ድካሟ ሳይታሰብ፣ በእያንዳንዱ ሃያ ትከስራለች። ሁለት መቶ ጊዜ ሃያ፣ አራት ሺህ። በሰፋች ቁጥር የራሷን ጉድጓድ ልትቆፍር ነው።

ባሏ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ምነው እመቤት?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «በአምናው ዋጋ ተስማምተን የለም እንዴ?»

ፖስታውን በሁለት ጣቷ ወደ እሳቸው ገፋችው።

«እሺ ጌታዬ፣ በአምናው ዋጋ እሰፋለሁ። እርስዎ ብቻ የአምናውን ጨርቅ ይዘውልኝ ይምጡ።»