ልጅቷ ራሷ ያተመችው

ጎረቤቴ አምሳ ዓመቷን አልፋለች። ፀጉሯ ከፊቱ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅም አይታለች። ከተማው ግን እስከ ዛሬ «ልጅቷ» ነው የሚላት። አንድ ቀን ሳሙናዋን የሚያመላልሰው ሽማግሌ ባለጋሪ «ልጅቷ፣ ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ?» ሲላት ሰምቼ፣ የምሰፋውን ሱሪ ጥዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ጥፋቱ የአባቷ ነው። ሙት ወቃሽ አትሁኚ እባላለሁ፤ እኔ ግን እወቅሳለሁ። ሳሙና ሠሪ ነበሩ። ልጆች ሳለን አንድ ተፎካካሪያቸው «ሳሙናው ውስጥ አሸዋ ይጨምራል» ብሎ አስወራባቸው። ሰውየው ነገር የማያሳድሩ ቁጡ ነበሩና፣ ልጃቸውን በር ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጧት። መልኳ የተቀረጸበትን ማተሚያ እንጨት አስጨብጠው፣ ሰው ሁሉ እያየ ያልደረቀውን ሳሙና አንድ በአንድ አሳተሟት። «ልጄ አይታ ያላተመችው ሳሙና ከዚህ በር አይወጣም!» ብለውም ማሉ። ሰው የሕፃን ምስክርነት ይወዳልና አመናቸው። ሳሙናው ተቸበቸበ። እሳቸውም በደስታ ሰክረው፣ መልኳንና «ልጅቷ ራሷ ያተመችው» የሚለውን ጽሑፍ አንድ ላይ የንግድ ምልክት አድርገው አስመዘገቡት። ሰው ልጁን ይድራል እንጂ እንዲህ ያስመዘግባል? የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢታሽ አይድንም የሚባለው ለእሳቸው ነው።

አባትየው ሞቱ፤ መሐላው ግን አልሞተም። እሷም እንጨቱን ስትጫን ኖረች። ሳሙናው እንዳይጣበቅባት ስታነሳው የእጅ አንጓዋን ወደ ግራ ጠምዘዝ ታደርጋለች። በዚህ የተነሳ በሥዕሉ አገጭ ሥር ትንሽ ጭረት ትቀራለች። ልብስ አጣቢዎቹ መጠቅለያውን ቀደድ አድርገው ጭረቷን ሳያዩ አይገዙም። አንድ ጊዜ ትኩሳት ጥሏት የወንድሟ ሚስት አተመችላት። እሷ ቀጥ አድርጋ ነው የምታነሳው። ሳሙናው እንዳለ ተመለሰ፤ «ልጅቷ የት ሄዳ ነው?» እያሉ ሊጠይቋት የመጡም ነበሩ። በዚያ ቤት የወንድሟ ሚስት ከነልጆቿ፣ ሳሙና አፍላዮቹና ጠቅላዮቹም ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። ሁሉም በዚያች ጭረት ላይ ተንጠልጥለው ነው የሚያድሩት።

አሁን ያ አንጓ አብጦ ድንጋይ ሆኗል። ውሃ የያዘ ኩባያ በአንድ እጇ ማንሳት ትታለች። ሐኪሙ «ይሄን ሥራ ካልተውሽ እጅሽን እርሺው» ብሏታል። ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ ወልዳ «እማ፣ ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ፣ ነይ» ትላታለች። ሻንጣዋ ከአልጋዋ ሥር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

የምልክቱ ምዝገባ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ፣ እኔ ቤት መጥታ ከልብስ መስፊያው አጠገብ ተቀመጠች።

«ዘዴ አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ሳሳድሰው ሦስቱን ቃል አስወጣለሁ። ሥዕሉ ብቻ ይቀራል። ልብስ አጣቢዎቹን ሰብስቤ ከዛሬ ጀምሮ የወንድሜ ሚስት ናት የምታትመው ብዬ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ።»

«እሰይ! እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

የምዝገባ ቢሮው መስኮቱ የማይከፈት፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ የታሰሩ ክፍል ነው። ተራችን ሲደርስ አንድ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት መዝጋቢ ተቀበለን። ወረቀቶቿን አየ፣ ሥዕሉን አየ፣ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ ልጅቷ? እናቴ እኮ ሌላ ሳሙና አይነካኝም ትላለች!»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ። ጽሑፉን ላስወጣው ነበር» አለችው።

ልጁ ቅር አለው። «እድሳት ላይ አድራሻ እንቀይራለን እንጂ ምልክቱን አንነካም፣ እማማ። እንደተመዘገበ ነው የሚታደሰው። ያለ ጽሑፉ ከሆነ አዲስ ማመልከቻ ነው።»

«አዲስ አመለክታለሁ።»

«ይችላሉ። ግን አንድ ፋብሪካ የልጅ መልክ ያለበት ሳሙና ላስመዝግብ ብሎ፣ የእርስዎ ስላለ ተከልክሏል። አዲሱን መቃወሙ አይቀርም። ክርክሩ መቼ እንደሚያልቅ እኔ ልነግርዎት አልችልም። አሮጌው እስከዚያ ካልታደሰ ደግሞ ቦታውን እሱ ይወስደዋል።»

«አሮጌውን አድሼ፣ መጠቅለያው ላይ ጽሑፉን ብተወውስ?»

«የፋብሪካው ሰዎች ይሄንኑ ነው የሚጠብቁት። በተመዘገበበት መልክ አልተጠቀመችበትም ብለው ያሰርዙታል።»

ያበጠውን እጇን በደህናው እጇ ያዘች። እኔ ደሜ ፈላ። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ «ጽሑፉ እንዳለ ይቅርና የወንድምሽ ሚስት ታትመው! ጠምዘዝ ማድረጉን አስተምሪያት፤ ማን ያውቃል?» አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «እንዲያ ከሆነ ያ ተፎካካሪው አባቴን ውሸታም ያለው ልክ ነበር ማለት ነው።»

«አባትሽ ሞተዋል!»

«እነዚያ ቤት ያሉት ግን አልሞቱም። ውሸት ነው ከተባለ አንድ ሳሙና አይሸጡም።»

ወደፊት ቢሉ ገደል፣ ወደኋላ ቢሉ ገደል። ቁጭ ብላ ሥዕሏን አየችው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ልጅ የፊት ጥርሷ ወልቆ እየሳቀች ነው። ያን ጊዜ እኔም አጠገቧ ነበርኩ፤ ጨዋታ መስሎን ነበር።

«አድሰው» አለችው በመጨረሻ። «እንዳለ።»

መዝጋቢው ደስ አለው። እግዜር ይመስክርለት፣ ክፋት የለበትም። ጽፎ ጨርሶ፣ የቢሮውን ማኅተም ቀለም ካስነካ በኋላ እጁን ገታና ፈገግ አለ። «እናቴ ብትሰማ አታምነኝም። ይሄን እንኳ እርስዎ ራስዎ ያትሙት፤ እባክዎ።»

እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እጇን ዘረጋች። ማኅተሙን ስትይዝ ፊቷ በሕመም ተኮማተረ። ተጫነችው፤ ስታነሳው አንጓዋን ወደ ግራ ጠምዘዝ አደረገች። በማኅተሙ ክብ ጠርዝ ሥር ትንሽ ሰማያዊ ጭረት ቀረች።

«እውነትም የልጅቷ!» ብሎ ልጁ ሳቀ። «እንግዲህ ሰባት ዓመት አንገናኝም።»

አመስግናው ወጣን። ደረጃው ላይ ስልኳ ጮኸ። ደህናው እጇ ወረቀቱን ይዟል፤ ያበጠው አልታዘዝ ሲላት እኔ አንስቼ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። የልጇ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ከኋላ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«እማ፣ ጨረስሽ? መቼ ነው የምትመጪው?»

«ጨርሻለሁ፣ የኔ ልጅ» አለች። «እመጣለሁ። ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የቀረኝ።»