ሽማግሌ ጭና መንገድ ላይ የቆመችው ፒክአፕ

ራቤል ከተማ ሳስተምር የነበረችኝ ፒክአፕ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ እኔ ሳልገዛት በፊት ነው መቁጠር ያቆመው። ጠዋት ብርዱ ሲጠና ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴላዋ እስኪግል ቁልፉን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ማስነሻ ሞተሪኖው ሁለት ጊዜ አቃስቶ ዝም ካለ ፍሬኑን ለቅቄ ቁልቁል አንደረድራታለሁ። ስለዚህ የትም ስሄድ ቁልቁለት ፈልጌ ነው የማቆማት። ጎረቤቶቼ ሜዳ ላይ ቤት እንዳልከራይ ይመክሩኝ ነበር።

ያን እሑድ ግን ለቀልድ አልተመቸኝም። ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ የልጅቷ ወላጆች ወደሚኖሩበት ወደ ቀየት እየሄድኩ ነበር፤ ሚስት ሊጠይቁልኝ። በወጉ እኔ መቅረት ነበረብኝ። ሌላ መኪና ስለጠፋ በሾፌርነት ብቻ እንድሄድ፣ እዚያ ስንደርስም ከመኪናው እንዳልወርድ ተስማማን። ልጅቷ እዚያው ራቤል ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ቀኑን ለእናቷ ሹክ ብላ ስለነበር፣ “ቤት ተሰናድቶ ይጠብቃችኋል። ብትቀሩ አባቴ እንደ ንቀት ነው የሚቆጥረው፤ ሁለተኛም አይሰማችሁም” ብላ አስጠነቀቀችኝ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትልልቅ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ መኪና ሳያውቅ መኪና የሚይዝ ሰው ያናድዳቸዋል። እኔ ደግሞ የማውቀው ታሪክ ማስተማር ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዋን አሰናዳኋት። አጠብኳት፣ ናፍጣ ሞላሁላት፣ መቀመጫውን በአንሶላ ሸፈንኩ። የታንከሩ ክዳን አርጅቶ ናፍጣ እያንጠባጠበ የኋላውን በር ያረጥባል። ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ናፍጣ ናፍጣ እየሸተቱ ሰው ቤት እንዳይገቡ ብዬ፣ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልዬ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በሥራዬም በጣም ረካሁ።

አጎቴ ከፊት፣ የንስሐ አባቴና ጡረተኛው ርእሰ መምህር ከኋላ ተቀመጡ። ጓሳ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ተንገጫገጨና ጠፋ። ወረድኩ። ሞተሪኖው ደህና ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ገመድ ነቀነቅኩ፣ የናፍጣ ማጣሪያ ፊልትሮውን መታ መታ አደረግኩ፣ የማላውቀውንም ሁሉ ነካካሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየን በራሷ ተነሣች። “ባትሪው ነው” አልኩ ኮራ ብዬ።

ጥቂት እንደሄድን ደግማ ቆመች። ቆይታ ተነሣች። ቀየት ልንደርስ ስንቃረብ ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆም ፀሐዩ ማዘንበል ጀምሮ ነበር። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ጎማዋን በእርግጫ መታሁና እግሬን አመመኝ። አጎቴ በመስኮት ብቅ ብለው፣ “አንተ ልጅ፣ እሷ እንኳ ከቆየች ትነሣለች፤ አንተ ነህ እንጂ ያስቸገርከን” አሉኝ። ተናድጄ የነዳጁን ቱቦ ነቀልኩና በአፌ ሳብኩት። ናፍጣው አፌን ሞላው።

ልክ ያን ጊዜ አንድ ሰው በበቅሎ መጡ። ከሰንበቴ መመለሳቸው ነው። በልጅቷ ስልክ ላይ ፎቶአቸውን አይቼ ነበርና አባቷ መሆናቸውን ወዲያው አወቅኩ። ሽማግሌዎቹ ግን በዝና እንጂ በመልክ አያውቋቸውም።

“እንዴት ዋላችሁ?” ብለው ከበቅሏቸው ወረዱና ወደ እኔ ዞሩ። “ምን ሆነች?”

“ባትሪ ይመስለኛል” አልኩ ናፍጣውን እየተፋሁ።

“ሞተሪኖው ይዞራል?”

“ይዞራል።”

“ቆይታ ትነሣለች?”

“አዎ፣ ትነሣለች።”

“ታዲያ ባትሪው ምን አደረገህ?”

ወደ ታንከሩ ሄደው ላስቲኩን ፈቱ። ክዳኑ ላላ ሲል ታንከሩ ትንፋሹን ይዞ እንደቆየ ሰው አየሩን በረጅሙ ሳበ።

“ይሄን ማን አሰረው?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“የአባቶች ልብስ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።”

“ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት። አንተ መግቢያውን ደፍነህ አነቅሃት።” ክዳኑ ላይ ጨርቅ ላላ አድርገው ጣል አደረጉ፤ ቱቦውን መልሰው፣ የፊልትሮውን ብሎን አላልተው በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጡ። ቁልፉን ባዞርኩ ጊዜ በአንዴ ተነሣች።

“ወዴት ናችሁ?” አሉ እጃቸውን እየጠረጉ።

“ቀየት፣ ለአንድ ጉዳይ” አሉ አጎቴ።

ሦስቱን ጋቢዎች አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። “በሉ፣ እኔ በአቋራጩ ስለምሄድ እቀድማችኋለሁ” ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ሽማግሌዎቹ መንገዱን ሁሉ ሲመርቋቸው ሄዱ። እኔ ማን እንደሆኑ ለመናገር ድፍረት አጣሁ።

አባትየው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሽማግሌዎቹን ሲቀበሉ አጎቴ ዘወር ብለው ያዩኝን አስተያየት መቼም አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደቆሙ በሩ ተዘጋ። እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ልጅቷን በጣም እወዳት ነበር፤ በአንድ ፌስታል ምክንያት ላጣት ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸው ቀዝቀዝ ብሏል። ዘመድ ይምከርበት፣ ከወር በኋላ ተመለሱ ተብለዋል። እንዲህ ያለ ቀጠሮ እሺም እምቢም ሊሆን ይችላል። አባትየው እስከ መኪናው ሸኟቸውና በእኔ መስኮት በኩል ቆሙ።

“ፊልትሮዋን ከቀየርክ ስንት ጊዜ ሆነህ?” አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። “ቀይሬ አላውቅም” አልኩ።

“ቀጠሮው የሽማግሌዎቹ ነው። አንተ ቅዳሜ አዲስ ፊልትሮ ይዘህ ና፤ አቀያየሩን አሳይሃለሁ። ልጄን ይዘህ መንገድ ላይ እንድትቆም አልፈልግም።”

ሽማግሌዎቹ እስከ ራቤል ድረስ ወር ቶሎ ያልፋል እያሉ አጽናኑኝ። እኔ ዕንባዬ እየመጣ፣ ሳቄም እየመጣ መንዳቴን ቀጠልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቀየት ነበርኩ።